ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት

የጃፓኗን ደሴት ሺኮኩን በእግሬ ለመዞር የወጣሁት ራሴን ለማወቅ ነው። እንዲህ ሲባል ሰው ይስቃል፤ እኔም ሌላ ሰው ቢለኝ እስቅ ነበር። ግን ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። የሞተብኝ ሰው የለም፣ የታመመብኝ የለም፣ የምፈጽመው ስለትም የለም። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ኦሳካ ውስጥ የውሃ ቆጣሪ በሚሠራ ድርጅት ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ሳዮ ከምትባል ሴት ጋር አብረን ለመኖር ቤት ተከራይተን ነበር፤ ቁልፉን ልንረከብ አንድ ሳምንት ሲቀረን ተወችኝ። አልተጣላንም። ምክንያቷን ስጠይቃት መጀመሪያ ሻይዋን ጨረሰች።

«ክፉ ሰው አይደለህም» አለችኝ። «ግን አንድ ቀን ብወድቅ ምን እንደምታደርግ አላውቅም። አንተስ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው ብዬ አሰብኩ። በጥቅምት መጀመሪያ ሥራዬን ለቅቄ፣ የተሳላሚውን ነጭ ልብስ፣ የሣር ባርኔጣውንና መቋሚያውን ገዝቼ ተነሣሁ። ሰው ብቻውን ረጅም መንገድ ሲሄድ ማን እንደሆነ ይገለጥለታል ይባላል። ሐሳቤ መልሱን ይዤ መመለስ ነበር።

መንገዱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴቲቱን ዞሮ ወደ ተነሡበት ይመልሳል። ሰማንያ ስምንት መቅደሶች አሉበት። በየመቅደሱ ሻማ ይለኮሳል፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ጸሎት ይደገማል፤ በመጨረሻ ተሳላሚው ሁሉ የሚይዘውን መዝገብ ይዞ ወደ ማህተም ቤት ነው። ጸሐፊው ሦስት ቀይ ማህተም ያሳርፍና በላዩ ላይ በጥቁር ቀለም፣ በብሩሽ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ባለቤቱ ሲሞት መዝገቡ ከሬሳው ጋር ሳጥን ውስጥ ይገባል። ማህተም ቤቱ የሚዘጋው ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያለፈበት ሰው በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እግረኛ ሁሉ ቀኑን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ሳይሆን ከአስራ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ሠንጠረዥ ነበረኝ። የአርባ አራት ቀን ጉዞ በአንድ ወረቀት ላይ፤ የሚነሡበት ሰዓት፣ የሚደረስበት ሰዓት፣ የማረፊያ ቤቱ ስልክ። ሠላሳ አራት ቀን ሙሉ አንድም መስመር አልተዛነፈብኝም። ማታ ማታ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሳደርግ ደስ ይለኝ ነበር። ራሴን እያወቅሁ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ኦቺያይ ሳንን ያገኘኋቸው በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ባሕር ዳር ባለ ማረፊያ ቤት በር ላይ ነው። ጎንበስ ብለው የመቋሚያቸውን ጫፍ በባልዲ ውሃ እያጠቡ ነበር። መቋሚያው፣ ይህን መንገድ ጥንት የጀመረው ታላቁ መምህር ራሱ ነው ይባላል፤ አብሮን ይጓዛል፤ ስለዚህ ከራሳችን እግር በፊት የእሱ ይታጠባል። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያጥበው። እሳቸው ግን ያወሩት ነበር። ዛሬ ጭቃ ስላስረገጡት ይቅርታ እየጠየቁት፣ ነገ አስፋልት እንደሆነ ተስፋ ይሰጡት ነበር። ቀና ሲሉ አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?» አሉኝ።

ምኑን ስል፣ «ጸጉርህን ነዋ» አሉ። «ክሰሰው። እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከባሕሩ ማዶ ኩሬ በምትባል ከተማ አርባ ሦስት ዓመት ጸጉር አስተካካይ ነበሩ። ያን ዕለት ማታ ከእራት በኋላ መቀሳቸውን ከሻንጣ አውጥተው፣ እኔን ጋዜጣ ላይ አስቀምጠው፣ ማረፊያ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እያየ ቆረጡኝ። ሲቆርጡ ስለ ሚስታቸው ነገሩኝ። ይህን መንገድ መሄድ የምትፈልገው እሷ ነበረች። ሱቁ ግን የሚዘጋው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው፤ በሰኞ ቀን ደግሞ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሄድም። ባለፈው ክረምት አረፈች። «ቀብሬያት ስመለስ ሱቁን ዘጋሁት» አሉ። «አሁን ሁሉም ቀን ሰኞ ሆነ።»

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን አንድ መንገድ ላይ ነበርን። አብረን ሄድን አልልም። እኔ ጠዋት ቀድሜ እወጣለሁ፣ እሳቸው ማታ ደርሰው ያገኙኛል። በዚህ ደሴት ላይ ሰው ለተሳላሚ የሰጠው ነገር አይመለስም፤ መንደሪን ይሁን፣ የሩዝ ድብልብል ይሁን፣ የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ የሰጠው ካልሲ ይሁን፣ በሁለት እጅ ይቀበሉታል፣ በምትኩ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ይሰጣሉ። እኔ ቆሜ ተቀብዬ፣ አጎንብሼ፣ እቀጥላለሁ። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ኦቺያይ ሳን ይቀመጣሉ። ስለ ሰጪዋ ጉልበት ይጠይቃሉ፣ ስለ ልጇ ይጠይቃሉ፣ የባሏን ጸጉር አይተው ይተቻሉ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጠው ቆይተው ማህተም አመለጣቸው። በማግስቱ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሰው አስመቱ። ሲነግሩኝ እንኳን ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር።

«አንተ» ይሉኛል፣ «መምህሩን አስቀድመህ ልከህ ከኋላ የምታሳድደው ነው የምትመስለው። ምን ወሰደብህ?»

ሰው ሲሞት ጥሩ ጥሩው ብቻ ይወራል። እኔ ግን እንደነበሩ ልናገር። ያንኮራፋሉ፤ ግድግዳ አያግደውም። የእግሬን ቅባት ተውሰው ጨርሰው ባዶውን ቱቦ መለሱልኝ። ጠዋት ለመነሣት ይዘገያሉ፤ አንድ ቀን ጠብቄያቸው ማህተም ቤት የደረስኩት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ አልጠብቃቸውም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይህንንም የምናገረው ሌላው ነገር ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን መንገዱ ወደ ተራራ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ዳገት የአገሩ ሰዎች «ተሳላሚ አንከባላይ» ይሉታል። ከማረፊያ ቤቱ ልወጣ ስል ባለቤትየዋ ወደ በር ተከትላኝ መጣች። ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚኖር ነግራኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዛሬ ብቻ ከሽማግሌው ጋር እንድሄድ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ኦቺያይ ሳን ጫማቸውን እስኪያስሩ ቆሜ ጠበቅኩ። ሠንጠረዡ ላይ ለዚያ የሚሆን መስመር አልነበረም።

ቀስ ብለን ወጣን። እሳቸው በየሃያ እርምጃው ይቆማሉ፣ ቆመውም ያወራሉ፤ ሲያወሩ ደግሞ መሄድ አይችሉም። ስምንት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ያልኩበት የድንጋይ ሐውልት ጋ የደረስነው አስር ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እስከ መቅደሱ አንድ ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ ይቀራል። የጽድ ዛፉ ከፍ ብሎ ሰማዩን ስለሸፈነው ጫካው ውስጥ መምሸት ጀምሮ ነበር። ልክ ሐውልቱን እንዳለፍን እርጥብ ሥር ላይ ረገጡና ተንሸራተቱ። የጮኹት እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ።

ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ብሎ ነበር። በፎጣ ጠቅልዬ አሰርኩት። ደግፌ ወደ ሐውልቱ መለስኳቸውና ድንጋዩን አስደግፌ አስቀመጥኳቸው። ስልኩን ሞከርኩ፤ ኔትወርክ የለም። የእሳቸውን ሞከርኩ፤ እሱም የለም። ዳቦ ሰጠኋቸው። የዝናብ ልብሳቸውን አለበስኳቸው። እስከዚህ ድረስ ያጎደልኩት የለም፤ ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

«ሂድ እንጂ» አሉኝ። «ሁለታችን ቁጭ ብለን እግሬን ብናየው አይድንም።»

መቅደሱ ላይ ሰው እንደማገኝ፣ ወዲያው ይዤ እንደምመለስ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ በስሜ ጠሩኝ።

«ናሩሴ። ስትደርስ መጀመሪያ ለሰው ንገር። ብርዱ ገብቶኛል።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ።

ሮጥኩ። የመጀመሪያውን አንድ ኪሎ ሜትር የሮጥኩት ለእሳቸው ነው። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ። አስር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ይላል። በዚሁ ከሮጥኩ እደርስበታለሁ የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ምን ላይ እንደምደርስ ለራሴ አልነገርኩም። እግሬ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚሮጠው ለሌላ ነገር እንደነበር አሁን አውቀዋለሁ።

ግቢው የደረስኩት ለአስራ አንድ ሰዓት አስራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሻማ አላበራሁም፣ ጸሎት አልደገምኩም። በቀጥታ ማህተም ቤት ገባሁ። እዚያ የአውቶቡስ ተጓዦች አስተናባሪ ባንኮኒው ላይ አርባ ያህል መዝገብ ቆልሎ ቆሟል። አንድ ጸሐፊ ብቻ ነበረች፤ መነጽር ያደረገች፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት። እሷ ትጽፋለች፣ አስተናባሪው እያንዳንዱን ገጽ በጸጉር ማድረቂያ ያደርቃል። ወፍራም፣ ፊቱ የሚያበራ ሰው ነበር።

«እግረኛ ነህ?» አለኝ በማድረቂያው ድምፅ ላይ። «ላብህን ተመልከት። በርታ፣ ልንጨርስ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር። ግን ጸሐፊዋን አየኋት። ከተናገርኩ ብሩሹን ታስቀምጣለች፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ እንደዚያ ያለች ሴት ናት። ስልክ ትደውላለች፣ ወንዶቹን ትጠራለች፣ መስኮቱ ይዘጋል። እኔ ከሰዎቹ ጋር እወርዳለሁ። ማህተሙ ለነገ ጠዋት ይሆናል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ ያለሁት ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቄ ነው። ሽማግሌው ተቀምጠዋል። የዝናብ ልብስ ለብሰዋል። የተጎዳው ቁርጭምጭሚት ነው። አስር ደቂቃ ምንድን ነው? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። በጭካኔ አላሰብኩትም። እንደ ሒሳብ ነው ያሰብኩት።

አፌን ዘጋሁ።

ትንሽ ቆይቶ አስተናባሪው መለስ ብሎ አየኝ። እግሬ ሳላውቀው ወለሉን እየመታ ነበር መሰለኝ።

«የምትቸኩል ከሆነ ቅደም» አለኝ። «የእኛ ሰዎች አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ምንም አይሆኑም።»

እኔም ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቼ፣ «ኧረ ግዴለም፣ እርስዎ ይጨርሱ፣ አልቸኩልም» አልኩት።

ለሁለተኛ ጊዜ ቅደም አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ አልቸኩልም አልኩ። ከእናቴ የተማርኩት ነው፤ ሰው ተራውን ሲሰጥህ መጀመሪያ እንቢ ትላለህ፣ ሁለተኛም እንቢ ትላለህ፣ በሦስተኛው አመስግነህ ትቀበላለህ። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር። አስተናባሪው ግን ፈገግ ብሎ ወደ ማድረቂያው ተመለሰ።

ሃያ አራት ደቂቃ ጠበቅኩ። አስራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ጸሐፊዋ ተነሥታ በሩን ከውስጥ ዘጋችና፣ ቀድመው የገቡትን እንደማትመልስ ነግራኝ ተቀመጠች። የመጨረሻው መዝገብ የእኔ ነበር። ሦስቱን ማህተም መታች፣ ብሩሹን ነከረች፣ ሳትቸኩል ጻፈች። አምስት መቶ የን ከፈልኩ። አመሰገንኩ። ከዚያ በኋላ ተናገርኩ።

«አንድ ሰው እግሩን ወለም ብሎት መንገድ ላይ ቀርቷል። ሽማግሌ ናቸው።»

«የት?»

ነገርኳት።

«መቼ?»

«አሁን» አልኩ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ቀጥላ ገጹን አየች፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። ብሩሹን ሳታጥበው አስቀመጠችና ስልኩን አነሣች። አስተናባሪው ማድረቂያውን አጠፋው።

ሁለት የመቅደሱ ሰዎችና የአውቶቡሱ ሹፌር ባትሪ ይዘው ከእኔ ጋር ወረዱ። ዝናቡ ጀምሯል። ሐውልቱ ጋ ስንደርስ ሻንጣቸው አለ፣ የዳቦው ላስቲክ ተጣጥፎ ከሥሩ ተቀምጧል፤ እሳቸው የሉም። ተጣራን። ሹፌሩ ወደ ታች የወረዱ መስሎት ቁልቁል ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ወደ ላይ ሊሄዱ ይችላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስንመለስ ከሐውልቱ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ወደ መቅደሱ በኩል፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከመቅደሱ ሰዎች አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ የተሰካ መቋሚያ አየ። ከሥሩ ገደል ነው፤ ጥልቅ አይደለም፣ የሁለት ሰው ቁመት ቢሆን ነው። ታች፣ ውሃው ዳር ወድቀው አገኘናቸው። ስንወርድ በአጠገባቸው አልፈን ነበር።

ማንም ሳይመጣ ሲቀር ተነሥተው፣ በዚያ እግር፣ ሦስት መቶ ሜትር ወጥተዋል።

ሹፌሩ ከልብሱ ሥር ገላቸው ገና ሙቀት እንዳለው ተናገረ። ግን አይተነፍሱም ነበር። በከተማው ሆስፒታል ያያቸው ሐኪም ጭንቅላታቸው ሊሆን ይችላል፣ ልባቸውም ሊሆን ይችላል፣ ቀድመን ብንደርስም ላይለወጥ ይችል ነበር አለ። ደግ ሐኪም ነበር። ሦስት ጊዜ «ይችላል» ማለቱን ቆጥሬያለሁ።

ልጃቸው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በመርከብ መጣች። ቺዙሩ ትባላለች። አርባ አምስት ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ የመርከብ መሥሪያ ሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ናት። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል አገናኙን። ፖሊሱ አስቀድሞ ስለ እኔ ነግሯት ነበር። በእሱ አነጋገር እኔ በዝናብ ተራራ የሮጥኩ፣ ሰው ያስነሣሁ፣ ባልሮጥ ኖሮ ሽማግሌው እስከ ጠዋት የማይገኙበት ወጣት ነኝ። ቺዙሩ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሥታ እስከ ወገቧ አጎነበሰች። ወደብ ላይ የገዛችውን ባለ መጠቅለያ ኬክ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

«ብዙ አስቸግረንዎታል» አለችኝ። «አባቴ ከትናንት በስቲያ ደውሎልኝ ስለ እርስዎ አውርቷል። ሰኞ የሚባል ቀን የማያውቅ ልጅ አግኝቻለሁ፣ እኔ ግን አስተምረዋለሁ አለኝ።»

ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እኔም አጎነበስኩ። ሩብ ሰዓት ያህል አወራን። ስለ መጨረሻ ቀኖቻቸው ጠየቀችኝ፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ጸጉሬ፣ በየበሩ ስለሚቀመጡት ነገርኳት። እያንዳንዱ የምነግራት ነገር እውነት ነበር። ቀስ በቀስ ግን እየነገርኳት ያለሁት በጠቅላላው ውሸት እንደሆነ ተሰማኝ። ፖሊሱ ሻይ ሊያመጣ ወጣ። ያኔ ነገርኳት።

ምንም ሳላጎድል ነው የነገርኳት። መጀመሪያ ለሰው ንገር እንዳሉኝ። ሃያ አራቱን ደቂቃ። አሁን ብዬ መዋሸቴን። ቅደም ተብዬ እንቢ ማለቴን።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ማህተሙ አልነበረም።

«ለምን እንቢ አልክ?»

«ነውር መሰለኝ» አልኳት።

«ነውር።»

ቃሉን ደገመችው እንጂ አልጮኸችም። ከዚያ መዝገቡን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አውጥቼ ገጹን ገለጥኩላት። ጣቷን ወደ ጽሑፉ አስጠጋች፣ ግን አልነካችውም።

«ጽሑፉ ያምራል» አለች።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ነገር አልኳት። የእሳቸውን መዝገብ ብትሰጠኝ የቀሩትን ሃያ ምናምን መቅደሶች በእሳቸው ስም እንደምሄድ፣ ሞልቼ ኩሬ ከተማ ድረስ እንደማመጣላት። በመንገዳችን የተለመደ ነው፤ ለሞተ ሰው የሚሄድ ብዙ ነው። ይህን ብትፈቅድልኝ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ሊይዝ እንደሚችል አውቅ ነበር። ከዚያ ክፍል እሳቸውን ጥሎ የሮጠ ሰው ሆኜ ሳይሆን የእሳቸውን መንገድ የፈጸመ ሰው ሆኜ ልወጣ እችል ነበር። እሷም ያወቀችው ይመስለኛል።

«አይሆንም» አለች። «ነገ ማታ የአባቴ አስከሬን ይቃጠላል፤ መዝገቡም አብሮት። ባዶው ገጽ ባዶውን ይሂድ።»

እሺ አልኩ።

«የሆነ ነገር እንድልህ እየጠበቅህ ነው» አለች። «ምንም የለኝም። ልረግምህም ፈልጌ ነበር፤ እሱም አልመጣልኝም። ደክሞኛል።»

ኬኩን ልመልስላት ብድግ አደረግኩ። ያዘው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ፖሊሱ ሻዩን ይዞ ሲገባ ሁለታችንም አመሰገንነው። እሷ ስኳር ጠየቀችው። ጠጥታ ስትጨርስ ተነሥታ፣ የሚያስፈርሟትን ወረቀቶች ልትፈርም ወደ ሌላው ክፍል ሄደች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ይህን የሰማ ሰው ጉዞውን በዚያ እንዳቆምኩ ይገምታል። ሳዮም እንደዚያ ነው የመሰላት፤ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጊዜ ኦሳካ ውስጥ አግኝታኝ ነግሬያት ነበር። አላቆምኩም። ጠዋት ተነሣሁ፣ ጫማዬን አሰርኩ፣ ሠንጠረዡን አንድ ቀን ወደ ፊት ገፋሁት። የመጣሁበትን ጥያቄ መልስ አግኝቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምሄድበት ምክንያት አልነበረኝም። ቢሆንም ሄድኩ። ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ጣቢያ በስተግራ ነበር፣ ምልክቱ በግልጽ ይታያል፤ አልፌው ሄድኩ።

መጀመሪያ ቀን እንቅልፍ እንደማይወስደኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ተኛሁ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ኬኩን በሦስተኛው ቀን አንድ ወንዝ ዳር ተቀምጬ በላሁት፤ ውስጡ ጣፋጭ ባቄላ ነበረው። በስድስተኛው ቀን አንድ ሰው የጫማው ማሰሪያ ተበጥሶበት ቆሞ አገኘሁና አርባ ደቂቃ አብሬው ቆሜ ስጠግንለት ቆየሁ፤ እየጠገንኩም ማን እያየኝ እንደሆነ ዞር ዞር ብዬ ሳይ ራሴን ያዝኩት። ማንም አልነበረም። ሰውየው ደጋግሞ አመሰገነኝ፤ ስሙን እንኳን አልጠየቅሁትም።

በዘጠነኛው ቀን ሰማንያ ስምንተኛው መቅደስ ደረስኩ። ጠዋት ነበር፣ ግቢው ባዶ ነው፣ ማህተም ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ጸሐፊው የመጨረሻውን ገጽ ጽፎ፣ መዝገቡን ዘግቶ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝና እንኳን አደረሰህ አለኝ። ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አንድ በአንድ ገለጥኩት። የጎደለ የለም። ሁሉም በቦታው ነው። ደስ አለኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ደስ አለኝ።